ያረጀው የወንበር ልብስ

ኅዳር 4

ለምንወድህ ልጃችን፣

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ አካልህ ጤና፣ ሥራህ የተቃና፣ ልብህም ያረፈ ሆኖ ታግኝህ። በወጣህበት በር ፈጣሪ በሰላም ያስገባህ። እኛ እንደነበርን አለን። አክስትህም ደኅና ናት፤ ሰላም ትልሃለች።

ከጻፍኩልህ ቆየሁ። ስልኩን ታውቀዋለህ፤ መስመሩ ይቆራረጣል፣ የኔም ጆሮ አያግዘኝም። ስለዚህ ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ የራሴን ደብዳቤ ስጀምር እንደ ተማሪ እጄን ማላቡ ይገርመኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። መኪናችን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ናት። ሞተሯ ዛሬም ቁልፍ ሲነካት ይነሣል። ያረጀችው ከውስጥ ነው። የጣሪያዋ ጨርቅ ማስቲሹ ለቆት ሆዱን ጥሏል፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጸጉሩን ይነካዋል። በተሳፋሪው በኩል ያለው የበሩ የውስጥ ልባስ ጨርቁ ተልጦ ካርቶኑ ፈጥጦ ወጥቷል። መስታወቱን የምናወርድበት እጀታም ተሰብሮ ስለታም ብረቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሰው ይቧጭራል።

አንተ እዚያ ባሕር ማዶ የምትውለው አሮጌ መኪና በሚፈታበት ግቢ ነው። የኛን የመሰለች ካጋጠመችህ የዚያን በር ልባስ ከነእጀታው ነቅለህ ላክልኝ። የጣሪያው ጨርቅ እዚህም አይጠፋም። ልሸጣት ነው ብለህ እንዳታስብ። እንዲያው ሰው የሚቀመጥባት ሆና እንድትቆይ ብዬ ነው።

ብርድ ሲጠና ደረትህን ሸፍን። ያሳደገችህ እጅ ምርቃት አይለይህ።

ጋሼህ


ታኅሣሥ 2

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ የቤቱን ሰላም ያብዛልኝ። እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሥራ ስገባ ነው፤ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት።

ጠዋት እንደገባሁ ፍለጋ ጀመርኩ። እኛ ግቢ መኪኖቹ እንደ መጽሐፍ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። የእኛዋን አምሳያ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከሁለት መኪኖች ሥር አገኘኋት። አለቃዬ ለአንድ በር ልባስ ብሎ ክሬን አያነሣልኝም፤ በጎኔ ተንሸራትቼ ገባሁና ተኝቼ ፈታሁት። ጋሼ፣ ያ የመኪናችን ሽታ እዚያም አለ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እናንተን ከኋላ የማይ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

አሮጌውን ሲያወጡ እንዳይስቡት። መጀመሪያ ከክንድ ማሳረፊያው ሥር የተደበቁትን ብሎኖች ይፍቱ። የመስታወቱን እጀታ የያዘችው ቀጭን የሽቦ ቀለበት ናት፤ ከእጀታው ኋላ ቁራጭ ጨርቅ ያስገቡና ግራ ቀኝ ሲጎትቱት ፈንጠር ብላ ትወጣለች፤ ዓይንዎን ይጠብቁ። ከዚያ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልለው ከታች ጀምሮ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይፈልቅቁት። የፕላስቲክ መያዣዎቹ ከዕድሜ ብዛት ደርቀው ይሰበራሉ፤ ትርፍ በላስቲክ ቋጥሬ አብሬ ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሾፌሩ በር ነው፤ ክንድዎን አስደግፈው የሚውሉት እርስዎ ነዎታ። የተሳፋሪው እንዴት ተላጠ? ድመት ገብታበት ይሆን?

ደግሞ አክስቴ እታለም እንደ ልማዷ ከግርጌ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ‹‹የሚመጣው ዓመት እመጣለሁ›› እያልኩ መቅረቴ አስቀይሟት ከሆነ ይንገሯት፤ እኔም አልተመቸኝም።

እጅ እነሣለሁ። የፊደል ስሕተት ካለ በቀይ ያሥምሩበት።

ልጅዎ


የካቲት 19

ለልጃችን፣

እንደምን ሰነበትክ? የሩቁን ቅርብ የሚያደርግ እሱ ይጠብቅህ። ስሕተትህን በቀይ አላሠመርኩም፤ ‹‹ሽታ››ን አሳምረህ ስለጻፍክ ሌላውን ምሬሃለሁ።

የላክኸው ሳይሰበር ደረሰ። የመዘግየቴ ምክንያት ሥራው ነው። ከማዕዘኑ ጋራዥ ጀርባ የመኪና ወንበር የምትሰፋ ሴትዮ አለች፤ እጇም አፏም አያርፍም። እሷን ጠራሁ። በሩን እንዳልከው አድርጋ ፈታችው፤ ያቺ ቀለበት ግን በርራ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጣሪያውን አራግፋ፣ የበሰበሰውን ስፖንጅ በብሩሽ ፍቃ፣ አዲስ ጨርቅ አለበሰችው። አንዲት መጨማደድ የለችውም።

ሲያምርላት ጊዜ፣ ‹‹ወንበሮቹስ ምን በድለው ይቀራሉ?›› አለችኝ። እኔም ልቤ ሞቀና እሺ አልኳት። አመድማ፣ ለስላሳ ጨርቅ አለበሰቻቸው። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣች መሰለች። ጎረቤት እየመጣ አየ።

አሁን ሌላ ነገር ላስቸግርህ ነው። ድሮ የነበረውን የፊት ወንበሮቹን ልብስ ታስታውሰዋለህ፤ ቡናማ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር የሄደበት። እሱን የለበሰ ወንበር ካገኘህ ልብሱን ገፈህ ላክልኝ። አዲስ መሆን የለበትም። እንዲያውም ያረጀ ቢሆን ይሻላል። ለምን አትበለኝ፤ የሽማግሌ አመል ነው በለው።

አክስትህ ደኅና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው ያልጻፈችልህ።

ጋሼህ


መጋቢት 6

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎና ከእታለም አይራቅ። ዛሬ ሰላምታዬን አላስረዝምም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሥራ በዝቶባት ነው አሉኝ። እታለም ቤቱ ሙሉ እንግዳ በዋለበት ቀን እንኳ እጇን አድርቃ ከደብዳቤዎ ግርጌ ‹‹በልተህ እደር›› ብላ የምትጽፍልኝ ሴት ናት። አሁን አንድ መስመር የሚያሳጣ ምን ሥራ ነው?

ባለፈው እሑድ ስልክ ደወልኩ። ተነሣ፤ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ‹‹እታለም፣ እኔ ነኝ›› አልኩ። ‹‹ማነህ? የት ሆነህ ነው?›› አለች። እኔ ነኝ ብዬ ደገምኩላት። ‹‹ከዚያ ውስጥ ውጣ፣ ልጄ፤ አየር ታጣለህ›› አለችኝ። ከዚያ ተዘጋ። የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

የተሳፋሪው በር ተልጧል። ስልክ አይመቸንም ይሉኛል። ወንበሩ አዲስ ከለበሰ በኋላ አሮጌውን ይፈልጉታል። ጋሼ፣ ልጅ ነው ብለው አይሸፍኑብኝ። ጨርቁን የትም ገብቼ አመጣለሁ። እርስዎ ግን እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 8

ልጄ፣

ፈጣሪ ልብህን ያጽናልህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ።

አክስትህ መርሳት ከጀመረች ሰንብታለች። መጀመሪያ የቁልፍ ቦታ ነበር፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ የሰው ስም። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ወደ ኋላ የሚመለስ አይደለም፣ አትከራከራት አለኝ። ለአንተ ብነግርህ እዚያ ሆነህ ከመብሰልሰል በቀር ምን ታደርጋለህ ብዬ ዋጥኩት። ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት። ፊት የሌለው ድምፅ ያስፈራታል፤ ሰው ስልኩ ውስጥ ተዘግቶበት ይመስላታል።

የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ነው። ጥላው በረንዳው ላይ ሲደርስ ትነሣለች፤ ሹራቧን ትደርባለች፣ ቦርሳዋን ታንጠለጥላለች። ‹‹ቤቴ ውሰደኝ›› ትለኛለች፣ ቤቷ ውስጥ ቆማ። ይኸው ቤትሽ፣ ይኸው አልጋሽ ስላት ታለቅሳለች። አንድ ቀን ግራ ቢገባኝ እሺ አልኳት፤ መኪና ውስጥ አስገብቼ ሰፈሩን ዞርኩና ተመልሼ በራችን ላይ ቆምኩ። ደረስን አልኳት። ወረደች፤ ቤቱን አየችው፤ ገብታ ጫማዋን አወለቀችና እፎይ ብላ ተቀመጠች። ከሩቅ መንገድ እንደገባ ሰው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒታችን ይህ ሆነ።

የዓይኔንም ነገር አልነገርኩህም። ፊት ለፊት ይታየኛል፤ ከጎን የሚመጣው ግን የለም። አንድ ብስክሌት ነጂ ልገጭ ለጥቂት ተረፍኩና መንዳቱን ተውኩ። ከዚያ በኋላ ከዛፉ ሥር ሳንነቃነቅ ነበር የምንሄደው። ሞተሩን አስነሣለሁ፣ መሪውን ይዤ እቆያለሁ፣ አጠፋና ደረስን እላለሁ። አንዳንድ ቀን ታምነኝ ነበር።

በሩን የላጠችው እሷ ናት። መንገዱ ሲረዝምባት ጨርቁን በጥፍሯ ትፈትለዋለች። የተሰበረው እጀታ መዳፏን ቧጨራት። የጣሪያው ጨርቅ ጸጉሯን ሲነካት ደግሞ ሰው የዳሰሳት እየመሰላት ጮኻ ትወርድ ነበር። የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ሥራው ያለቀ ዕለት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩን ከፈትኩላት። ወንበሩን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ወደ ኋላ ሸሸት አለችና እንዲህ አለችኝ፦

‹‹ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ የሰው መኪና ነው። ባለቤቴ አሁን ይመጣል፤ እሱን እጠብቃለሁ።››

ጌታዬ ያለችው እኔን፣ ባሏን ነው። ወንበር ሰፊዋ ሴትዮ ዕቃዋን ስትሰበስብ ነበር፤ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ ነኝ ብላት እንደማይሆን ከፊቷ አየሁ። ማካፋት ጀመረ። ጃንጥላ አምጥቼ ያዝኩላት። አመሰገነችኝ። ባሏን እየጠበቀች ከጎኔ ቆመች፣ እኔም ከጎኗ ቆምኩ፤ ብርዱ ሲበረታባት ነው እጇን ይዤ ያስገባኋት፣ ያውም ‹‹እሱ ቤት ውስጥ ይጠብቁት ብሏል›› ብዬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ አትገባም። ሰፊዋ አሮጌውን ጨርቅ ለፍራሽ ሠሪዎች ሰጥታው ነበር፤ ሮጣ ብትሄድ ተከታትፎ ፍራሽ ውስጥ ገብቷል። ግንባሯን ጠረጴዛዋ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እሷ ምን ታድርግ፤ የነገራት ሰው የለም።

እንግዲህ ሁሉን አወቅህ። ጨርቁን ካገኘህ ላክልኝ።

ጋሼህ


ግንቦት 16

ለአባቴ ለጋሼ፣

ጉልበትዎን ያበርታልዎ። ደብዳቤዎን እንደ ጨረስኩ ሥራ ገባሁ። ከጎኑ የሚይዘው እጅ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔ ብሎን ስፈታ ዋልኩ።

በኛ ግቢ ያሉት የመኪናችን አምሳያዎች የለበሱት ሌላ ነው፤ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ቀይ ቼክ። አለቃዬን ለመንኩት፤ ለሚያውቃቸው ግቢዎች ሁሉ ደወለልኝ። አንዱ ‹‹ቡናማ ሳይሆን አይቀርም›› አለ። የዕረፍት ቀኔን ጠብቄ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ነው። መኪናዋ ጎማ የላትም፤ ሐረግ በወለሏ ገብቶ በመስኮቷ ወጥቷል። በሩን በስንት ጉድ ከፈትኩት። ቡናማ፣ ቢጫ መስመር። ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

የሾፌሩን ውሃ አበላሽቶታል፤ የተሳፋሪው ግን ደኅና ነው። ከሥር በሽቦ ቀለበት የተያያዘ ስለሆነ እየቆረጥኩ በቀስታ ገፈፍኩት። እንዳይተረተር ቀዳዳዎቹን በክር ያዝኳቸው። የሾፌሩንም ከደኅናው በኩል ቆርጬ ጨምሬያለሁ፤ ሰፊዋ ስትጋጥም ይበቃት ይሆናል። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው ያጠብኩት። የሳሙና ሽታ እንዳይኖረው ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርዎ። ‹‹እመጣለሁ›› የሚለውን ቃል በዚህ ደብዳቤ ልጽፈው ፈልጌ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ሥራ፣ ወረቀት፣ ፈቃድ ስል ከረምኩ። ዛሬ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። እኔንም ጌታዬ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እዚህ ሳለሁ ቢያንስ በሐሳቤ ታውቀኛለች።

ይማሩኝ።

ልጅዎ


ሐምሌ 1

ልጄ፣

እጅህ ይባረክ። በሄድክበት ሁሉ የሰው ፊት ይብራልህ።

ጥቅሉ ሲደርስ ሰፊዋ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ጠረጴዛዋን ጠረገች፤ ጨርቁን ዘረጋችና ሳትነካው ቆማ አየችው። አመድማውን ልብስ ስፌቱን እየተረተረች አወለቀች። ያንተ ቁራጮች የሾፌሩን ወንበር አልሞሉም፤ ጀርባው በኩል፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ፣ ሌላ ጨርቅ ቀጠለችበት። የጣሪያውን አዲስ ጨርቅ ደግሞ በሻይ ቀለም አደብዝዛ ዕድሜ ጨመረችበት። ሙያዋን ወደ ኋላ ስትሠራው የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ዋጋሽን ብላት ፊቷን አዞረች።

በማግሥቱ ከሰዓት አክስትህን አወጣኋት። በሩ ጋ ቆመች። እኔ መሪው ላይ ሆኜ ወደ ፊት አያለሁ፤ ዞሬ እንዳላስፈራት። እጇን በወንበሩ ላይ አሳለፈችው። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ። ከዚያ ገባች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ በሩንም ራሷ ዘጋችው።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሞተሩን ሳስነሣ ወደኔ ዞር አለችና፣ ‹‹ትንሽ እንጠብቀው፤ ባለቤቴ አልመጣም›› አለችኝ። መኪናዋን አወቀቻት። እኔን አይደለም። የተቀመጥኩት እንደ ሾፌር ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ እንጠብቃለን፣ አይመጣም፣ ደረስን እላታለሁ፣ ‹‹ሳንሄድ?›› ትለኛለች። ድሮ ታምነኝ የነበረውም ጠፋ። መኪናዋ እንድትሄድላት ትፈልጋለች፤ እኔ መንዳት አልችልም።

ስለዚህ የምለምንህ ዕቃ አይደለም። ና። ላታውቅህ ትችላለች፤ ይህን ሳልደብቅህ ነው የምልህ። እንድታውቅህ ሳይሆን እንድትነዳልን ና።

ጋሼህ


ሐምሌ 14

ጋሼ፣

ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ ፊቴን አይቶ ስንት ቀን አላለኝም። ቲኬቱን ይዣለሁ። ከደብዳቤው ቀድሜ ልደርስ እችላለሁ፤ ከደረስኩ ሳያነቡት ያስቀምጡት።

እመጣለሁ።

ልጅዎ


መስከረም 11

ለአባቴ ለጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። የቤቱ ሰላም፣ የእርስዎ ጉልበት፣ የእታለም ዕረፍት ሳይጓደል ይቆየኝ። አየር ማረፊያ ላይ አንገትዎን ይዤ ቀርቼ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ያን ዕለት፣ እርስዎ ከወረዱ በኋላ መኪናው ውስጥ የሆነውን አልነገርኩዎትም። እርስዎ ፊት ብጀምረው እንደማልጨርሰው አውቄ ነው።

በመጣሁ ጊዜ እጄን ይዛ ‹‹እንኳን ደኅና መጡ›› አለችኝ፤ እንደ እንግዳ። የፈራሁት ሲደርስ እንደፈራሁት አልሆነም። እጇ ያው እጇ ነበር። በየቀኑ ከሰዓት እነዳላችሁ ነበር፤ እርስዎ ከኋላ፣ እሷ ከጎኔ። በየቀኑም ስንመለስ፣ ‹‹ባለቤቴስ?›› ትላለች፣ እርስዎም ከኋላ ሆነው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። በመስታወቱ አይዎት ነበር።

ያን ዕለት ግን ገና ከግቢ ሳንርቅ ወደ ኋላ ዞራ አየችዎት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ እኚህን አባት አስቀድመህ አድርሳቸው፤ ደክሟቸዋል›› አለችኝ። እርስዎ ነዎት ‹‹እዚሁ ዞር በል ልጄ፤ ቤቴ ያ በር ነው›› ያሉት። የራሳችሁ በር። አዞርኩ፤ ወረዱ። ‹‹ደኅና ይግቡ›› አለችዎት። በሩን ዘግተው ሲገቡ ጀርባዎን እያየች ነበር።

እኔ ነዳሁ። በአሮጌው ትምህርት ቤት በኩል ወጥቼ፣ የጥድ ዛፎቹን መንገድ ያዝኩ። ትንሽ እንደሄድን፣ ‹‹የሚጠብቃቸው ሰው ይኖር ይሆን?›› አለች።

‹‹አላቸው›› አልኳት። ‹‹ሚስት አለቻቸው።››

‹‹ትወዳቸዋለች?››

‹‹በጣም።››

ደስ አላት። ቦርሳዋን አስተካክላ ተደገፈች። በሩን አልፈተለችም፤ አየሁ። ቆይታ እኔን እናት አለህ ወይ አለችኝ። አለችኝ አልኩ። ትጽፍላታለህ ወይ አለችኝ። እጽፍላታለሁ አልኩ። መንገዱ ሲጠብብኝ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ በደንብ አይታየኝም ነበር።

‹‹የኛም ልጅ ይጽፋል›› አለች። ‹‹ሩቅ ነው ያለው። ባሌ ያነብልኛል። ደጋግሞ ያነብልኛል፤ አይሰለቸውም።››

ጋሼ፣ ደብዳቤዎቼን እንደሚያነቡላት አልነገሩኝም ነበር።

ቀሪውን እርስዎ ያውቁታል፤ ግን በኔ በኩል እንዴት እንደታየ ልጻፈው። ስንመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እርስዎ ቆመዋል፣ ኮትዎን አውልቀው፣ የሸሚዝዎን እጅጌ ጠቅልለው። ገና ሞተሩን ሳላጠፋ የመኪናውን በር ራሷ ከፍታ ወረደች። እንዲህ ስትፈጥን ከመጣሁ አላየኋትም።

‹‹እዚህ ነበርክ?›› አለችዎት።

‹‹እዚህ ነበርኩ›› አሉ። ‹‹ስጠብቅሽ።››

‹‹እኔ እኮ ሌላ ቦታ ስጠብቅህ ነበር›› ብላ ክንድዎን ያዘችና ይዛዎት ገባች። እኔ መሪውን ይዤ ቀረሁ። በዚያች ደቂቃ ስለ ራሴ ምንም አልጎደለኝም።

ልጅዎ


ጥቅምት 20

ልጄ፣

ዕድሜህ ይርዘም፤ የልጅ ወግ አይጉደልብህ። ደብዳቤህን አነበብኩላት። ‹‹ይሄ ሾፌር ጥሩ ልጅ ነው›› አለች። አላረምኳትም። በሙያዬ ካረምኩት ይልቅ አሁን ሳላርም ያለፍኩት ይበልጣል።

አንተ ከሄድክ በኋላ መኪናዋ ዛፉ ሥር ቆማ ልትቀር ነው ብዬ ተክዤ ነበር። ሰፊዋ መጣች። መንጃ ፈቃድ አላት። ሱቋን ከሰዓት በኋላ ትዘጋለች፤ ደንበኛ ቢቆጣም ግድ የላትም። አክስትህ ከፊት ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላ። ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ ‹‹እኔ እዚህ ነኝ›› ብዬ እወርዳለሁ። መሰነባበቱን አልተውንም፤ ደኅና ይግቡ ትለኛለች፣ አመሰግናለሁ እላታለሁ። እነሱ ዞረው እስኪመጡ እኔ በእግሬ እገባለሁ፣ ኮቴን አወልቃለሁ፣ በሩ ጋ እቆማለሁ።

ሁልጊዜ አይሆንም። አንዳንድ ቀን ወርዳ ታየኝና በትሕትና ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ያን ጊዜ እንግዳ ሆኜ አስገባታለሁ፤ እንግዳም ቢሆን በር ይከፍታል። ግን የሚሆንበት ቀን አለ። ባለፈው ሳምንት ክንዴን ይዛ፣ ‹‹ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለህ፣ ቀድመኸኝ ገባህ?›› አለችኝ፤ እንደ ወጣትነታችን ተቆጥታ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁጣ አጣጥሜ አላውቅም።

አንተ ደግሞ ‹‹ስለ ራሴ ምንም አልጎደለኝም›› ብለህ ጻፍክልኝ። ውሸት ነው፤ እኔም ዋሽቼህ ስለማውቅ አይፈረድብህም። ስትችል ና። ሳትችል ጻፍ፤ አነባለሁ።

ብዙ ልጽፍልህ ነበር። ዛሬ ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር ማዕዘኑ ድረስ አልሄድኩም፤ ከግቢው በር ላይ ወርጄ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ነው የቀረሁት። አሁን ግን ያ ሞተር ከታች ሲመጣ ይሰማኛል፤ ማዕዘኑን ዞሯል። ፖስታውን ነገ አሽገዋለሁ።

በሩን ልክፈትላት።

ጋሼህ